ጡት ያልጣለው ግራር

ሸምሲያ ግራሩን ውሃ ስታጠጣ ማንንም አላማከረችም። የሚያማክር ነገር መስሎም አልታያት። የተጠማ ነገር አይቶ ውሃ ለመስጠት ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነማ ዓለም አልቆላታል ባይ ናት። ነገሩ ግን እሷ ያሰበችውን ያህል ቀላል አልነበረም፤ ጥፋት ከተባለም ግማሹ የሩታ ነው።

ሩታ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት። ጅዳ ውስጥ፣ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ተከራይታ ትኖራለች። ሥራዋ በመካ ዙሪያ ተራሮች ላይ ያሉ ዛፎች ድርቁንና ከዓመት ዓመት የሚብሰውን ሙቀት እንዴት እንደሚችሉት ማጥናት ነው፤ የትኛው ቀድሞ ቅጠሉን ያራግፋል፣ የትኛው ይቆያል፣ ዝናብ ሲመጣስ የትኛው ቀድሞ ይነቃል። ችግሩ ሩታ ክርስቲያን መሆኗ ነው፤ ክርስቲያን ደግሞ መካ አይገባም። ከጅዳ ወጥተው ባሕራ የምትባለውን ከተማ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙስሊሙ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ጎን። ስለዚህ ሌት ተቀን የምትደክምላቸውን ተራሮች የምታውቃቸው ሳተላይት ከሰማይ በሚያነሳው ፎቶ ብቻ ነው። ከሰማይ ሲታይ ደግሞ ዛፍ ማለት አንዲት ነጥብ ናት።

ሸምሲያ እዚያው ፎቅ ምድር ቤት፣ ማዳም ፈይዛ ዘንድ ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ሴት ናት፤ የሐርቡ ልጅ። አርባ አምስትን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጨዋታ ትወዳለች። ዐይኗም ቅርብ ያለ ነገር አጥርቶ አያይላትም፤ ስልኳን ክንዷን ዘርግታ ነው የምታነበው። መነጽር ግዢ ሲሏት «አገሬ ስገባ» ትላለች። ስሟ በዐረብኛ ጃንጥላ ማለት በመሆኑ የማዳም የልጅ ልጆች ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሳቁ ይጠሯታል፤ ደግነቱ ጅዳ ዝናብ አይበረክትባትም።

ማዳም ፈይዛ ዓርብ ዓርብ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር የሚኖረውን ልጃቸውን ሰልማንን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ ሸምሲያም አብራ ትሄዳለች። የሰልማን ቤት ጀርባው ተራራ ነው። ከተራራው ግርጌ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ መሀል የበቀሉ ጥቂት ግራሮች አሉ። ሩታ ይህን የሰማችው አንድ ቀን ደረጃ ላይ ቆመው ሲጨዋወቱ ነው፤ ስትሰማም የያዘችውን ፌስታል መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ ሸምሲያ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«አንቱታውን ተይውና አስቸግሪኝ።»

«በየዓርቡ እነዚያን ግራሮች በስልክሽ ፎቶ አንሺልኝ። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ቆመሽ። ቅጠል አትቁረጪ፣ ቅርንጫፍ አትስበሪ፣ ፎቶ ብቻ።»

«መቁረጥማ ሐራም ነው፤ ወላሂ መካ ውስጥ የበቀለ ዛፍ አይቆረጥም። እሱን ባትነግሪኝም አላደርገው።»

«እኔንም ደስ ያለኝ እሱ ነው። ማንም የማይነካቸው ዛፎች ናቸው።»

እንግዲህ ሩታ አትቁረጪ አለች፣ አትስበሪ አለች፤ አታጠጪ ግን አላለችም። ለምንስ ትላለች? በዚያ ሐሩር የውሃ ዕቃ ተሸክሞ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል። ያን ሁሉ ዓመት ስትማር ሸምሲያን የመሰለ ሰው አላጋጠማትም።

የሸምሲያ እናት የሞተችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ሸምሲያ አልቀበረቻትም፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ገና እየታደሰ ስለነበር ከአገር መውጣት አልቻለችም። ማዳም እንዳይሰሟት የልብስ ማጠቢያውን ማሽን አስነስታ ወጥ ቤት ውስጥ አለቀሰች። ማዳም ግን ሰምተው ኖሮ ቴሌቪዥናቸውን አጥፍተው እስክትወጣ ድረስ ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ሸምሲያን አንድ ነገር ሲከነክናት ከረመ። ለሞተ ሰው ከሚሰጥ ሰደቃ ሁሉ የውሃን ያህል የለም ሲባል ሰምታለች። አገሯ ብትሆን ጉድጓድ ማስቆፈር ባትችል እንኳ ለመስጊዱ ውሃ ትቀዳ፣ መንገደኛ ታጠጣ ነበር። እዚህ ማንን ታጠጣ? በግዳዲያ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የለም።

የመጀመሪያው ዓርብ ፎቶ ልታነሳ ስትወጣ በእጇ ጠጥታ ያጋመሰችው የላስቲክ ውሃ ነበር። ግራሮቹን አየቻቸው። ከሁሉ ቅርብ የነበረው፣ ቁመቱ ከሷ ብዙም የማይበልጠው፣ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ዝም ብላ አለፈችው፤ ከዚያ ተመለሰች። «ቢስሚላህ፤ ለእናቴ ይድረሳት» ብላ የቀረውን ውሃ ሥሩ ላይ አፈሰሰችው። መሬቱ ወዲያው ጠጣው። ያን ቀን ሸምሲያ ወደ ቤት የተመለሰችው ልቧ ቅልል ብሎላት ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆና አታውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ትልቁን ዕቃ ሞልታ ሄደች። ከዚያ በኋላም አልተወችም። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ታጠጣዋለች፣ እሾሁ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ታነሳለታለች፣ ሥሩን ትጠርግለታለች። ፎቶ የሚነሳ ሰው አምሮበት ነው መነሳት ያለበት ብላ ነው። በሐጅ ሰሞን የመንገዱ ቁጥጥር ጠብቆ ሳይሄዱ የቀሩ ጊዜ እንቅልፍ አጣች፤ ሲመለሱ እጥፍ አጠጣችው።

ማዳም ፈይዛ መጀመሪያ ሌላ ነገር ነበር የጠረጠሩት። ሠራተኛቸው ምሳ በተበላ ቁጥር ውሃ ይዛ ተራራ ስትወጣ አንድ ሰው ቢኖራት ነው አሉ። አንድ ዓርብ ከዘራቸውን ይዘው በጓሮ በር ብቅ ሲሉ ሸምሲያ ተንበርክካ፣ በአማርኛ እያወራች፣ ግራር ስታጠጣ አገኟት። ወደ ጅዳ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ፣ «ዛፉን ምን ትይው ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«እናቴን ነው ማዳም። የናቴን ወሬ።»

የሚቀጥለው ዓርብ ሸምሲያ መኪና ውስጥ ስትገባ መቀመጫዋ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ውሃ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ውሃውን የሚያዘጋጁት ማዳም ሆኑ።

በጋው ከረረ። የዚያን ዓመት ሙቀት በረንዳ ላይ የሚሰጣ ልብስ እስኪዘረጋ እንኳ አይጠብቅም ነበር። ሌሎቹ ግራሮች ቅጠላቸውን አራግፈው እሾህ ብቻ ቀሩ። የሸምሲያ ግራር ግን ለምለም ነው። ሩታ በየሳምንቱ የሚላክላትን ፎቶ በኮምፒዩተሯ እያጎላች ታየዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ፣ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ሸምስዬ፣ ይኼን ዛፍ እይው! ሁሉ ሲራገፍ እሱ ብቻ!»

ሸምሲያ ልጇ አንደኛ እንደወጣላት እናት ፊቷ በራ። «እሱማ ጎበዝ ነው» አለች።

ሩታ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ዝናቡ ዱሮ በየጊዜው ጠብ ጠብ ይል እንደነበር፣ አሁን ግን ለረጅም ጊዜ ይጠፋና ሲመጣ ጎርፍ ሆኖ እንደሚመጣ። ዛፎቹ በዚህ መሀል ግራ እንደገባቸው። ቅጠል መጣላቸውም ሞት ሳይሆን ነፍስ ማቆያ እንደሆነ፤ ያላቸውን ጥቂት ውሃ በቅጠል በኩል እንዳያባክኑ ነው። «ይኼኛው ግን ሳይጥል ቆመ። አንድ ምስጢር አለው። ሪያድ ለሚደረገው ስብሰባ ይዤው እቀርባለሁ። ውሌም የሚታደሰው በዚህ ነው፤ እዚህ መቆየቴ ራሱ በሱ ነው።»

«ምስጢሩ ምን ይሆን?» አለች ሸምሲያ።

«እሱን ነው የማላውቀው። ምንጭ የለ፣ ሰው አያጠጣው።»

ሸምሲያ ያን ጊዜ ገባት። ሩታ ግን ደስታዋ ጋርዷት አላየቻትም፤ ጉንጯን ስማት ደረጃውን ወጣች።

ሸምሲያ ያን ሳምንት ወጥ አሳረረች፣ ሻይ ላይ ጨው ጨመረች። ብትናገር የልጅቷን ደስታ ልትገድል ነው። ዝም ብትል ልጅቷ በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ቆማ ውሸት ልታወራ ነው፤ ውሸቱም የሷ የሸምሲያ ነው። በመጨረሻ ሰገነት ላይ ልብስ ሲያሰጡ አፏን ከፈተች።

«ሩቲ፣ ያ ግራር ምስጢር የለውም። ውሃ ነው። እኔ ነኝ የማጠጣው።»

ሩታ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አየቻት። «መቼ?»

«ሁሌ። ከመጀመሪያዋ ዓርብ ጀምሮ።»

ሩታ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰክታ ወረደች። የጫማዋ ድምፅ እስከ ቤቷ ደጃፍ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ አልተገናኙም። ሸምሲያ ሳምቡሳ ጠብሳ በሯ ላይ አስቀመጠችላት፤ ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ፣ ወሬ ግን አልነበረም። ማኩረፉ ለሸምሲያ ከስድብ ባሰባት። ደግሞ ብትሰድበኝ ኖሮ እመልስላት ነበር እያለች ብቻዋን ታጉረመርማለች።

ሩታ ራሷ መጣች፤ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ፣ ዐይኗ አብጦ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «ለምን እሱን? ከነዚያ ሁሉ ለምን እሱን?» አለቻት።

«ቅርብ ስለነበረ። እኔ ፍየል አይደለሁ፤ ጉልበቴ አያስወጣኝም።»

ሩታ ሳትወድ ፈገግ አለች። ሸምሲያም ያኔ የቀረውን ነገረቻት፤ ስለ እናቷ፣ ስላልቀበረችው ቀብር፣ ስለ ውሃው ሰደቃ። ሩታ ቆማ ሰማቻትና መጥታ አቀፈቻት። «ዛፉን ከጥናቴ አወጣዋለሁ፤ ሌሎቹን ይዤ እሄዳለሁ» አለች አንገቷ ሥር። ሄደችም። ስብሰባው ላይ እንደ ደንቡ አጨበጨቡላት። ውሏ እንደተመኘችው ሳይሆን ለአጭር ጊዜ ታደሰላት፤ እሷም ተመስገን አለች።

የከበደው ነገር ሌላ ነበር። ሸምሲያ አገሯ ልትገባ ነው፤ ጥር ላይ ጠቅልላ ትሄዳለች። ጉልበቷም እምቢ ብሏል፣ እህቷም ነይ ብላለች። ግራሩንስ ማን ያጠጣዋል?

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች ሩታ። «ሌሎቹ ሲጠማቸው ሥራቸውን ወደ ታች ሰደዋል። ያንቺ ግን ውሃው ከላይ ስለሚመጣለት የሰደደ አይመስለኝም። በአንዴ ብታቆሚበት ይጎዳል።»

«ይሞታል?»

«አላውቅም ሸምስዬ። ቀስ በቀስ ቀንሺለት። ስታፈሺም ከግንዱ ራቅ አድርጊ፤ ሥሩ ውሃውን ፍለጋ ይሂድ።»

«እንዲህ በይኛ» አለች ሸምሲያ። «ጡት አስጥይው ነው የምትይኝ።»

ስለ ጡት ማስጣል የምታውቀው ከናቷ ነው። ሸምሲያ የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች ዘግይታ ነው ጡት የጣለችው። እናቷ ጡቷ ላይ እሬት ቀብታ ብትጠብቃት ሸምሲያ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ጠባች። ደግማ ብትቀባ ደግማ ጠረገች። በመጨረሻ እናቷ ለአክስቷ ሰጥታት ሌላ መንደር ሄዳ ከረመች። ሸምሲያ አድጋም ይህን እያነሳች ስትስቅባት እናቷ፣ «አንቺማ በማግስቱ ረሳሽው። እኔ ነኝ ጡቴም ዐይኔም እየፈሰሰ የከረምኩት» ትላት ነበር። ሸምሲያ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምትሰማው።

ቀነሰችለት። አንድ ዓርብ ታጠጣዋለች፣ አንድ ዓርብ ታልፈዋለች። ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ፣ ቀጥሎ ሁለት ክንድ። ባለፈችው ዓርብ ወደሱ ሳታይ ፎቶዋን አንስታ ትወርዳለች፤ ብታየው እንደማትችል ታውቃለች። ማዳም ፈይዛ ግን ውሃውን በፎጣ ጠቅልለው ማስቀመጣቸውን አልተዉም።

«ኸላስ ማዳም፣ በቃ፣ ዛሬ አይጠጣም» ትላቸዋለች።

«ሐራም ነው፣ ሸምሲያ፤ በዚህ ሙቀት» ይላሉ ማዳም፤ እሷም የሚያስረዳ ዐረብኛ ያጥራታል።

ኅዳር ላይ ጨርሶ አቆመች። ግራሩ ቅጠሉን መጣል ጀመረ። መጀመሪያ ከጫፍ፣ ቀጥሎ ከመሀል፤ ከዚያ እንደ ሌሎቹ እሾህ ብቻ ሆነ። ሸምሲያ ሥሩ የረገፈውን ቅጠል አፍሳ በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ለናቴ ነው ብላ የሰጠችውን በገዛ እጇ የነጠቀች መሰላት። ማታ ሩታ ጋ ወጥታ፣ «ጠመንጃ ብትሰጪኝና በአንዴ ብገድለው ይሻለኝ ነበር» አለቻት።

«ሌላ ቦታ ቢሆን ልጡን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው እልሽ ነበር። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ ማለት ነው።»

«እዚያ አልጭርም።»

«አውቃለሁ። እንግዲያው መጠበቅ ነው።»

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ጅዳ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ እንደ ሩታ ወሬ በአንድ ከሰዓት ወረደው፤ መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ የማዳም የልጅ ልጆች በረንዳ ላይ ወጥተው «ያ ሸምሲያ! ያ ሸምሲያ!»፣ አንቺ ጃንጥላ እያሉ ጮኹ። ሸምሲያ መስኮቱ ላይ ቆማ መካም እንዲዘንብ ዱዓ አደረገች። መካም ዘንቦ ኖሮ የዚያ ዓርብ መንገዱ በጎርፍ ተዘጋ፤ የሄዱት በሚቀጥለው ነው። ለሸምሲያ የመጨረሻዋ ዓርብ ነበረች፤ ሳምንት ሳይሞላ ትበራለች።

ተራራው ጢም እንዳጎነቆለ ጎረምሳ አረንጓዴ ብልጭ ብሎበታል። ማንም ያልዘራው ሣር በድንጋዩ መሀል ወጥቷል። ሌሎቹ ግራሮች፣ እነዚያ ሸምሲያ አንድ ጠብታ ያልሰጠቻቸው፣ ቅጠል አውጥተዋል። ያ የሷ ግራር ብቻ እንደ ራቁቱ ነው። ቀርባ አየችው። እሾህ ነው። ዞራ አየችው። እሾህ ነው።

ፎቶ አነሳችው፣ ለሩታ ላከችላት፣ በድምፅም፣ «ሩቲ፣ አልሆነም። ገደልኩት» አለቻት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለግራሩ ይሁን ለናቷ፣ ለይታ አታውቀውም።

ስልኳ ጮኸ። ሩታ ናት፤ በግዳዲያ ሆና ፎቶውን አጉልታ እያየች።

«ተነሺ እስኪ። ወደሱ ጠጋ በይ። በግራ በኩል፣ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ፣ እሾሁ ከበቀለበት ሥር። ምን ይታይሻል?»

«ምንም አይታየኝም። ዐይኔን ታውቂው የለ።»

«እንግዲያው በጣትሽ። ቀስ ብለሽ።»

ሸምሲያ ዳሰሰች። እሾህ ወጋት። ሌላ እሾህ ወጋት። ከዚያ ጣቷ ሥር አንድ ለስላሳ፣ መሀሉ ጠንከር ያለ ነገር መጣ። ወረድ ብላ ዳሰሰች፤ እዚያም አለ። ከፍ ብላ ዳሰሰች፤ እዚያም አለ።

«ምን ይመስላል?» አለች ሩታ። «ንገሪኝ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«ጥርስ ሊያበቅል የደረሰ የሕፃን ድድ» አለች ሸምሲያ።

ሩታም፣ «ዘገየ እንጂ አልሞተም» አለች፤ «ሥሩን ሲሰድ ነው የቆየው።»

ስልኩ ሲዘጋ ሸምሲያ የማዳምን ውሃ ከፎጣው ፈታች። ዛሬም ቀዝቃዛ ነው። ክዳኑን ከፍታ፣ እንደ ልማዷ ወደ ሥሩ ዘንበል ልታደርገው ስትል እጇ ቆመ። መሬቱ ርጥብ ነው። ግራሩ የሚፈልገው ነገር የለም። ሙሉውን ዕቃ እንደያዘች ቆመች፤ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ሞልቶ መፍሰሻ አጣ። እናቷ ጡቴም ዐይኔም እየፈሰሰ ያለችው ይህን ነበር ለካ።

ከግራሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጥላ ገና የለውም። «ቢስሚላህ፤ ለእናቴ» አለችና ውሃውን ራሷ ጠጣችው። ጥማቷ ብዙ ነበር። ከታች፣ ከሰልማን ቤት ጓሮ፣ ማዳም ፈይዛ ስሟን ይጠራሉ፤ ሸምሲያ ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ አቤት አላለችም።